ቤት ማየትና ቤት መመርመር

እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲያብሎ በምትባል ሰፈር አንዲት ሴት በ170,000 ዶላር ቤት ገዛች። አንድ ኤከር የሚያህል ግቢ፣ መዋኛ ገንዳና የእንግዳ ቤት የነበረው ያማረ ቤት ነበር። ብዙም ሳይቆይ መሬቱ መንሸራተት ጀመረ። ለካ ቤቱ ያረፈው በቅጡ ባልተጠቀጠቀ የሙሌት አፈር ላይ ኖሯል። ክርክሩ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 ሲወሰን፣ የቤት ሽያጭ ኤጀንት ቤቱን በጥንቃቄ ተመልክቶ ያገኘውን ጉድለት ለገዢው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ተበየነ። መዝገቡ ኢስተን እና ስትራስበርገር በሚል ስም ይታወቃል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቤቱን ያሻሻጡት ኤጀንቶች ምልክቶቹን በዓይናቸው ማየታቸው ነው። የእንግዳ ቤቱ ወለል ዘንበል ማለቱ ታይቷል፤ ተዳፋቱ ላይ የተዘረጋው መረብም ታይቷል። ያንን ይዞ የአፈሩ ጽናት ይመርመር ያለ ግን አልነበረም።

የቤት ኢንስፔክተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው በዋጋ ተስማምቶ ውል ከፈረመ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ኢንስፔክተር ይቀጥራል። ባለሙያው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ወስዶ ቤቱን ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ይፈትሻል። ግድግዳ አይቀድም፣ ወለል አይነቅልም፤ በዓይን የሚታየውንና እጅ የሚደርስበትን መርምሮ ሪፖርት ይጽፋል። ዋጋ መገመት ሥራው አይደለም፤ “ግዛ” ወይም “አትግዛ” ማለትም አይደለም።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በሲያትል ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በግንባታ፣ በኤሌክትሪክና በቧንቧ ሥራ የቆዩ ስላሉ ሙያው ቢስባቸው አይገርምም። ግንባታ ማወቅ ትልቅ ስንቅ ነው። ነገር ግን ግንበኛ ቤቱን የሚያውቀው ገና እየተሠራ ነው፤ ኢንስፔክተር የሚያገኘው ተለስኖ፣ ተቀብቶና ለሽያጭ ተሸላልሞ ነው። ስለዚህ የግንባታ ሰውም ቢሆን እንደ አዲስ የሚማረው ነገር አለ።

የላይሰንሱ ደንብ እንደየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ለዚህ ሥራ የግዛት ላይሰንስ አይጠይቁም። ሜሪላንድ የ72 ሰዓት ትምህርት፣ ፈተናና የ150,000 ዶላር የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። ዋሽንግተን ግዛት 120 ሰዓት በክፍል፣ 40 ሰዓት ደግሞ በመስክ እንዲማሩ ታዛለች። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት ብሔራዊ ፈተና 200 ባለምርጫ ጥያቄዎች ሲኖሩት የሚሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ ሁለት መንገድ አላት፤ ወይ 35 ሰዓት ተምሮ 100 ቤት መመርመር፣ ወይ 70 ሰዓት ተምሮ 50 ቤት። ስሌቱን ልብ በሉ። እኔ ብጠየቅ ሳላመነታ መቶውን ቤት እመርጣለሁ።

ምክንያቱም አብዛኛው የቤት ጉዳት የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ውሃን ከምንጩ እስከ መድረሻው መከታተል ደግሞ በመጽሐፍ ብቻ አይለመድም። ጀማሪው ቤዝመንት ገብቶ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲያይ የተላጠ ቀለም ነው ብሎ ያልፋል። ልምድ ያለው ግን ጣቱን ያሳርፍበታል። ውሃ በኮንክሪቱ ሰርጎ ሲወጣ ያመጣው ጨው ነው፤ ውሃው ተንኖ ጨው ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ውጭ ይወጣና በዚያው ትይዩ ይቆማል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ይሆናል፤ ወይም ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ መሠረቱ ሥር ይደፋዋል። አፈሩም ከቤቱ መራቅ ሲገባው ወደ ቤቱ ዘንብሎ ሊገኝ ይችላል። በተለመደው መመዘኛ መሬቱ ከቤቱ እስከ 10 ጫማ ርቀት ድረስ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። በእንዲህ ያለ ቤት ገዢውን ያስደነገጠው እርጥበት በአንድ ቅጥያ ቱቦና በጥቂት አፈር ሊፈታ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፤ ቀላል የመሰለው ከባድ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪቱ ሲደርቅ የመጣ ነው። በግድግዳው ወገብ ላይ አግድም የሄደ ስንጥቅ ግን፣ በተለይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ካበጠ፣ አፈሩ ከውጭ እየገፋው እንደሆነ ይጠቁማል፤ ስትራክቸራል ኢንጂነር ሳያየው መታለፍ የለበትም። ለገዢው ዓይን ሁለቱም ስንጥቅ ናቸው።

የቤቱ ዕድሜም ብዙ ይናገራል። ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ ያለበት ቀለም ይጠረጠራል፤ ያ ቀለም ለመኖሪያ ቤት የታገደው በዚያ ዓመት ነው። ከ1965 እስከ 1973 ገደማ መዳብ ተወድዶ ስለነበር ብዙ ቤቶች የአሉሚኒየም ሽቦ ተዘርግቶባቸዋል፤ የሽቦው መገጣጠሚያ እየላላ ሲሄድ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ከ1978 እስከ 1995 ድረስ ደግሞ ፖሊቡቲሊን የተባለ የፕላስቲክ ቧንቧ በሰፊው ይገጠም ነበር፤ እያደር ተሰነጣጥቆ ያፈሳል። ጎበዝ ኢንስፔክተር ገና በሩን ሳይከፍት የተሠራበትን ዓመት አይቶ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ዕድሜ የማይለይ አደጋም አለ። የውሃ ማሞቂያው ጋን ላይ አንዲት ቫልቭ ትገኛለች። ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተከፍታ ታስተነፍሳለች፤ ከእሷ የሚወርደው ቧንቧ ጫፉ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት። መንጠባጠቡ የሰለቸው ባለቤት ጫፉን በክዳን ከደፈነው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው በተበላሸ ቀን ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ የሳንቲም ዕቃ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ከተሰነጠቀ ሴራሚክና ከማይገጥም በር በላይ መጻፍ አለበት። አርባ ጥቃቅን ጉድለት ደርድሮ ይህን አንዱን በመካከላቸው የቀበረ ሪፖርት ገዢውን አልጠቀመውም።

ጽሑፍ ራሱ የሙያው ግማሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀውም ይህንን ነው። “ጣሪያው ችግር አለበት” ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። “በስተሰሜን ባለው የጣሪያ ክፍል፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ውሃ የሚከለክለው ቆርቆሮ ተነስቷል፤ ከሥሩ ባለው የኮርኒስ እንጨት ላይ የውሃ ምልክት አለ፤ ከክሎዚንግ በፊት የጣሪያ ባለሙያ ይየው” ሲባል ግን ገዢው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ያልታየውም ይጻፋል። ጣሪያው በረዶ ለብሶ ከሆነ፣ አንዱ ክፍል ተቆልፎ ከሆነ፣ ቤዝመንቱ በካርቶን ተሞልቶ ግድግዳው ካልታየ፣ በግልጽ መስፈር አለበት። ይህ ሁሉ በጠራ እንግሊዝኛ የሚጻፍ በመሆኑ በእጁ ሥራ የሚተማመነው ወገናችን አስቀድሞ ሊዘጋጅበት ይገባል። ያንኑ በአማርኛ ለእናት ለአባት ማስረዳት መቻሉ ደግሞ ሌላው ባለሙያ የሌለው ጥቅም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። ኢንስፔክተር ብዙ ሥራ የሚያገኘው ከኤጀንት ነው፤ ኤጀንቱ የሚከፈለው ደግሞ ሽያጩ ሲያልቅ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ያ ኤጀንት የቤተ ክርስቲያን ወንድም፣ የማኅበር ጓደኛ ወይም ክርስትና ያነሳ ዘመድ ሊሆን ይችላል። “ነገሩን አታካብደው” የሚለው ቃል በፍቅር ይነገራል፣ እምቢ ማለትም ያሳፍራል። የሙያ ማኅበራት ኢንስፔክተር የመረመረውን ቤት ራሱ እንዳይጠግን የሚከለክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሚያገኘው ጉድለት ገንዘብ የሚያገኝ ሰው አይታመንም። ከፋዩ ገዢው ነው፤ የሠላሳ ዓመት ዕዳ የሚሸከመውም እሱ ነው። ለገዢው ሲል እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ቢያልፍም ወደ ሥራው ባይገባ ይሻላል።

ለመማር የቆረጣችሁ፣ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ቤት ይዛችሁኝ ትሄዳላችሁ? የጻፍኩትን ሪፖርት ማን አርሞ ይመልስልኛል? የምትሰጡትን ሰዓት የምኖርበት ግዛት ይቀበለዋል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ከሌላቸው ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ለሦስተኛው ግን የእነሱን ቃል ብቻ አትመኑ፣ ላይሰንሱን የሚሰጠውን የግዛቱን መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ጠይቁ።