ቀስቃሹ ታይመር

ተማሪ ሳለሁ አዲሱ ገበያ አካባቢ ለነበረ አነስተኛ ኢንተርኔት ቤት የሒሳብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቤቱ መስመር ያስገባ ሰው ጥቂት ስለነበር፣ የጉለሌም ሆነ የሌላው ሰፈር ሰው በደቂቃ እየከፈለ የሚጠቀመው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነበር። የቤቱ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ ሒሳባቸውን በደብተር ይይዙ ነበር፦ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ልዩነቱ፣ ክፍያው። እኔ ደብተሩን በኮምፒውተር ልተካ ተነሣሁ።

የያዝሁት መሣሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነው። በውስጡ የሰዓት ምስል ያለው ታይመር የሚባል ነገር አለ። ፎርሙ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን ለተጠቃሚው አይታይም። ኢንተርቫል በሚለው ቦታ 1000 ብትሞላ በየ1000 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በየሰከንዱ፣ ይጠራሃል። ሲጠራህ ምን እንደሚሠራ የምትጽፈው አንተ ነህ። እኔ የጻፍሁት አንድ መስመር ነበር፤ በተጠራ ቁጥር ሰከንዱ ላይ አንድ ይደምራል። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሲሮጥ ሳይ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። በሳምንቱ ወይዘሮዋ ደብተራቸውን ይዘው ጠሩኝ። «ልጄ፣ በግድግዳው ሰዓት 60 ደቂቃ የቆየ ሰው፣ ያንተው 57 ነው የሚለው» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ቀስቃሽ የሆነውን ታይመር ቆጣሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለማስረዳት ከሽሮ ሜዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እዚያ ከእንጦጦ ግርጌ ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ለትውልድ ሸማ ሲሠሩ ኖረዋል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ድሩን በእግሩ ይከፍታል፤ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። አንድ ልጅ በየአምስት ደቂቃው በር ላይ እየመጣ እንዲጠራው ታዘዘ እንበል። ሸማኔው የተበጠሰ ድር እየቀጠለ ከሆነ ቀና አይልም። ልጁ ሦስት ጊዜ ቢመላለስም፣ ሸማኔው ድሩን ቀጥሎ ሲጨርስ የሚያውቀው መጠራቱን ብቻ ነው፤ ስንቴ እንደተጠራ አያውቅም።

ዊንዶውስ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። መስኮት ያለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ማውሱን፣ ኪቦርዱን፣ ሥዕሉን፣ ሁሉንም የሚያስተናግደው በአንድ የሥራ መስመር ነው። ፕሮግራመሮች ትሬድ ይሉታል፤ ትርጉሙ ክር ነው፣ ሸማኔዎቹ ቢሰሙት አይገርማቸውም። መልእክቶች በዚህ መስመር ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የታይመር ጥሪ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲያልፍ የሚደርሰው የመጨረሻው ተረኛ ነው። አንድ ጥሪ ሳይስተናገድ ሌላ ቢደርስ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በጃቫ ቋንቋ መስኮት የሚሠራበት የስዊንግ ታይመርም ካልከለከሉት እንዲሁ ያደርጋል። የኔ ፕሮግራም ደረሰኝ ሲያትም ወይም የቀኑን ሒሳብ ፋይል ላይ ሲጽፍ፣ የተጠራባቸው ሰከንዶች እየተዋዋጡ አንድ ይሆኑ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በዊንዶውስ 98 ዘመን ታይመሩ የሚመራበት ምት በሰከንድ 18 ጊዜ ያህል ነበር፤ ከምት እስከ ምት 55 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። በኋላ የመጡት ዊንዶውሶች በሰከንድ 64 ጊዜ ይመታሉ። ጥሪው ከእነዚህ ምቶች ጋር ስለሚሄድ ጥቂት ይዘገያል። በየጥሪው 20 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይና የዘገየው እየተደማመረ ቢሄድ፣ በ3600 ጥሪ 72 ሰከንድ ይሞላል።

መድኃኒቱ ደብተሩ ውስጥ ነበር። ወይዘሮዋ ሰከንድ ቆጥረው አያውቁም፤ የገባበትን ሰዓት ጽፈው፣ ሲወጣ ሰዓት አይተው ይቀንሳሉ። ፕሮግራሜም በተቀሰቀሰ ቁጥር ሰዓቱን አይቶ ከመግቢያው ጋር ያለውን ልዩነት እንዲያወጣ አደረግሁ። ከእንግዲህ አሥራ አምስት ጥሪ ቢጠፋ፣ አሥራ ስድስተኛው ሲመጣ ልዩነቱ ሙሉ ነው።

ግን የትኛውን ሰዓት እንይ? በኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ትንሽ ክሪስታል አለች፤ ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ በግማሽ ሲከፈል ልክ አንድ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ እሷን የሚያቆያት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነው። ባትሪው ያለቀ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑን ብዙ ዓመት ወደኋላ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ የተገልጋዩ ደቂቃ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ከበራ ጀምሮ ያለፈውን ሚሊ ሰከንድ የሚናገር ሌላ ቆጣሪም ዊንዶውስ አለው። ሰዓቱን ቢነካኩት አይዛባም፤ ነገር ግን ከ49.7 ቀን በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ መብራት ሲጠፋም እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ታይመሩ በየደቂቃው እየቀሰቀሰ እስከዚያ የተጠቀሙትን ደቂቃ ዲስክ ላይ እንዲያስጽፍ አደረግሁ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ሒሳብ ነው። ታይመር ተስማሚ ሥራውን ያገኘው ያኔ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ወይዘሮዋ ስክሪኑ በእኛ ሰዓት እንዲያሳይ ጠየቁ። ይህ ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ 14 ሲል ስድስት ቀንሰህ 8 ትላለህ። ቀኑ ግን አሳሰበኝ። ኮምፒውተሩ ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ነው። ለ24 ሰዓት የተሞላ ታይመር እንዳላደርግ፣ የቪዥዋል ቤዚክ 6 ኢንተርቫል ከ65,535 ሚሊ ሰከንድ፣ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ቢያልፍም ማታ የተዘጋ ኮምፒውተር 12 ሰዓት ላይ ማንንም አይቀሰቅስም። ስለዚህ በየጥሪው የዛሬው ቀን በመጨረሻ ከተጻፈው ቀን ጋር ይመሳከራል፤ ካልተመሳሰለ አዲስ ገጽ ይከፈታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወይዘሮዋ በሩን ከፍተው ኮምፒውተሩን ያበራሉ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ገጹ ይገለበጣል።