በእርሾ ውስጥ ያለ እርሾ፦ ተላላፊ ፕሮቲኖችና ከሜንዴል ሕግ የወጣ ውርስ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ የጤፍ ሊጥ የምታቦካ እናት ከቀድሞው ቡኮ ያስቀረችውን ጥቂት እርሾ በአዲሱ ላይ ትጨምራለች፤ ትንሹም ብዙውን ይለውጠዋል። ይህ የሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ነው። ሕይወት የሌለው ፕሮቲንስ እንዲህ ሊያደርግ ይችላልን?

ጥያቄው የተመለሰው ጠላና ጠጅ በሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ በተባለው እርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ብሪያን ኮክስ በዚህ እርሾ ላይ «ፕሳይ» የተባለ ጠባይ አገኙ። በአንድ ጂን የሚለያዩ ሁለት እርሾዎች ሲዳቀሉ፣ በሜንዴል ሕግ ከአራቱ ስፖሮች ጂኑን የሚወርሱት ሁለቱ ናቸው። ፕሳይን ግን አራቱም ወረሱት። ተሸካሚ የሆነ ዲኤንኤ ቢፈለግም አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሪድ ዊክነር እንቆቅልሹን ፈቱት፤ የሚወረሰው የፕሮቲን ቅርጽ ነው። የፕሳይ መነሻ ሱፕ35 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ቅርጹ የተለወጠው ሱፕ35 ደኅናውን እየያዘ በራሱ አምሳል ያጣጥፈዋል። ተያይዘውም እንደ ክር ይከማቻሉ። ኤችኤስፒ104 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ክሩን ይቆራርጠዋል፤ እናት ህዋስ ስታቆጠቁጥም ቁራጩ ወደ ልጅ ህዋስ ያልፋል።

ማስረጃውስ? ጉዋኒዲን ሃይድሮክሎራይድ የተባለው ኬሚካል ፕሳይን ያጠፋዋል፤ ሆኖም አልፎ አልፎ ጠባዩ በራሱ ይመለሳል። የጠፋ ዲኤንኤ ከምንም አይመለስም፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን ግን በቦታው ስላለ ቅርጹ ዳግመኛ ሊለወጥ ይችላል።

ሜንዴል አልተሻሩም፤ የሱፕ35 ጂን ዛሬም በሕጋቸው ይወረሳል። የእርሾው ፕሪዮን ሰውን አያሳምምም፤ የእብድ ላም በሽታን ከመሰሉ ገዳይ የአንጎል ሕመሞች በስተጀርባ ያለውን ሂደት ግን ያለ ስጋት እንድናጠና በር ከፍቶልናል።