ያለ ዘፋኝ የመጣ ዘፈን

በ2018 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን እኅቱን ስለሚድር ሰበታ ድረስ ተጠርተን ሄደን ነበር። አንባቢያችን እንደሚያውቀው ሰበታ ከአየር ጤና ወዲያ በጅማ መንገድ ዓለም ገናን አልፈው የሚያገኟት፣ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤቷና በቢራ ፋብሪካዋ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ጠጁም ጠላውም ተርፏል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከድምፅ ማጉያው አንድ ዘፈን ተለቀቀ። ዘፋኙ ድምፀ መልካም ነው፤ ከበሮው ይመታል፤ ክራር የመሰለ ነገርም ከሥር ይሰማል። ዘፈኑ የሙሽራይቱን ስም ጠራ፤ የሙሽራውን ጠራ፤ ቀጥሎም የአባቷን ስም አነሣ። እዚህ ላይ ግን መጥበቅ የሚገባውን ፊደል አላልቶ ስለ ጠራው፣ ሽማግሌው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞር አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

«ለመሆኑ ዘፋኙ ማነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ የሙሽራይቱ ታናሽ ወንድም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየን። «ዘፋኝ የለውም። ትናንት ማታ እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም» አለን።

ከድንኳኑ ጥግ ላይ ለዕለቱ የተቀጠሩት ኪቦርድ ተጫዋች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ መሣሪያቸው ተመለሱ። እኛ ሳቃችን ቶሎ የቆመው የኒህን ሰው ፊት ስናይ ነው።

ነገሩ ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ይኸውና። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መኪና ቀድሞ ስፍር ቁጥር የሌለው የተቀረጸ ዘፈን እንዲሰማ ተደርጎ፣ ከየትኛው ድምፅ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ለምዷል። ከዚያ በኋላ ግጥሙን ጽፈው፣ «የሠርግ ዘፈን፣ ሞቅ ያለ፣ የወንድ ድምፅ» ብለው ቢያዝዙት፣ ዜማውን፣ ቅንብሩንና ድምፁን አንድ ላይ ሠርቶ ያቀርባል። ከነዚህ መኪናዎች ዋነኞቹ ሱኖና ዩዲዮ ናቸው፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ ሁለተኛው በ2024 ለሕዝብ ተከፈቱ። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 እንዳስታወቀው፣ በቀን 50,000 ያህል ሙሉ በሙሉ በመኪና የተሠሩ ዘፈኖች ይደርሱት ነበር፤ ይህም በየቀኑ ከሚመጣለት ሲሶ ያህል ነው። በዚያው ጊዜ በስምንት አገሮች 9,000 ሰዎችን ቢያስጠይቅ፣ ከመቶው 97ቱ የሰውን ዘፈን ከመኪናው ለመለየት አልቻሉም።

እኛም ባለፈው ወር ማታ ማታ ሞከርነው። ከዘጠና ሰባቱ ወገን መሆናችንን አንክድም፤ በተለይ ግጥም የሌለበት ሲሆን ይጣፍጣል። ነገር ግን አማርኛ ሲመጣ መኪናው ይደናቀፋል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ «ዋና» ተብሎ የተጻፈው የውሃው ይሁን የበላዩ፣ «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ አንባቢው ከነገሩ ይረዳል እንጂ ፊደሉ አይነግረውም። የአፋን ኦሮሞው ቁቤ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ የጠበቀውን ፊደል ደርቦ ስለሚጽፈው ነገሩ ግልጽ ነው። የኛ ሰምና ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማደሪያው በዚሁ በማጥበቅና በማላላት መካከል ነው። መኪናው «ገና» የምትለዋን ቃል በአንድ ስንኝ ሦስት ጊዜ ብንሰጠው ሦስቱንም አንድ አድርጎ ዘፈነልን። አዝማሪ ቢሆን ኖሮ ከዚችው ቃል የእራቱን ሒሳብ ያወጣባት ነበር።

ይህ ጉድለት ግን ዛሬ እንጂ ነገ ይኖራል ብሎ መተማመን የዋህነት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሰው በኩል ለማየት፣ በሳምንቱ የሰበታውን ኪቦርድ ተጫዋች ፍለጋ ቡራዩ ሄድን። ሰውየው የሚኖሩት በአምቦ መንገድ ወደ ገፈርሳ በሚያልፈው ሰፈር ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ውስጥ ቢጠቃለሉም፣ ሙዚቀኛው ግን እንደ ድሮው በታክሲ ሦስቱን ያዳርሳል። የአፋን ኦሮሞውንም፣ የአማርኛውንም፣ የጉራጌውንም መጫወት አለበት፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ በዚህ ቀበቶ ከተማ እንጀራ አይበላም።

ቡና እየጠጣን አጀማመራቸውን ጠየቅናቸው። «የመጀመሪያ ሥራዬ ገመድ መሸከም ነው» አሉን። «ሁለት ዓመት ገመድ ተሸከምኩ። በሦስተኛው ዓመት ዋናው ተጫዋች ምሳ ሲበላ ‹እስቲ ያዝልኝ› አለኝ። ምሳው አጭር ነበር፤ እኔ ግን ያን ቀን ነው ሙዚቀኛ የሆንኩት።» ከሠርጉ ሌላ፣ ለዳቦ ቤትና ለቤት ዕቃ ሱቅ የማስታወቂያ ዜማ፣ ለትምህርት ቤት መዝጊያ መዝሙር ይሠሩ ነበር። «የሱቁ ማስታወቂያ አሁን ፈጽሞ ቆሟል። ባለሱቁ ራሱ በስልኩ ያሠራዋል። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ የሱ ነው።»

በወሬው መካከል፣ ድፍረት ሆኖብን፣ «ጋሼ፣ የርስዎስ ኪቦርድ የስንቱን ጡሩምባ ነፊ እንጀራ ወስዳ የለም ወይ?» አልናቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ወስዳለች እንጂ! ምን ጥያቄ አለው።»

ይህ ቀልድ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን አሠልጣኝነት ጡሩምባቸውን ከነፉ ወዲህ፣ የኛ ዘመናዊ ሙዚቃ የናስ ሙዚቃ ነበር። ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲከፍት ያሳተመው ድምፅ ከዚያው ትምህርት የወጣ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ግን የሌሊቱ ሙዚቃ ታነቀ። በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ፣ እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስላልቻለ፣ እስኪነጋ ይጫወት ነበር ይባላል። ሌላው ቤት ይህ አልሆነለትም። አሥር ሰው መቅጠር ሲከብድ፣ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ የባንዱን ሥራ ያዙ። ካሴቱም በዚያው ድምፅ ተሞላ።

ከዚያው ከዋልያስ የወጡት ኃይሉ መርጊያ የዚህ ታሪክ ምስክር ናቸው። አሜሪካ ከቀሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን አኮርዲዮናቸውንና ኤሌክትሪክ ኪቦርዶቻቸውን እየደራረቡ አንድ ካሴት ቀረጹ። ባንድ የለም፤ መኪናና አንድ ሰው ብቻ። ኋላም ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዱ፣ ደንበኛ እስኪመጣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለም ሲያደንቀው፣ ሰውየው እንደ ገና ወደ መድረክ ወጡ። ያ ኪቦርድ የባንድ ጓደኞቻቸውን ቦታ ቢይዝም፣ የሚነካው ጣት ግን በአኮርዲዮንና በሆቴል መድረክ ያደገ ጣት ነው። አዲሱ መኪና ጣት አይፈልግም። ጭንቀታችን እዚህ ላይ ነው።

ይህን ጭንቀታችንን ይዘን፣ እንጦጦን ተሻግረን በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችንን ጎበኘን። በብርዱ ምክንያት ጋቢ ለብሶ የሚሠራ አቀናባሪ ነው። አንዲት ክፍሉን ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁሞ ስቱዲዮ አድርጓታል። እሱ በኛ ነገር አልተስማማም። «ሳክስፎን ለመቅጠር ገንዘብ የለኝም። መኪናው ረቂቁን ይሰጠኛል፤ የማይረባውን እጥላለሁ፤ ከዚያ በተረፈኝ ገንዘብ ማሲንቆ ተጫዋች አመጣለሁ። እናንተ ጋዜጠኞች በጽሕፈት መኪና ስትጽፉ የቁም ጸሐፊው አልተከፋም?» አለን። ደግሞም አስደመጠን፤ ማሲንቆው የሰው ነበር፤ ያማረም ነበር።

መልሱ ከታክሲው ላይ ነው የመጣልን። ጓደኛችን የማይረባውን የሚጥለው የማይረባውን ስለሚያውቅ ነው። ያወቀው ደግሞ ተማሪ ሳለ በየሠርጉ ኪቦርድ ሲነካ፣ ሲሳሳትና አጎቶች ሲቆጡት ነው። ስማቸው የገነነው ዘፋኞች በዚህ መኪና ብዙ አይጎዱም፤ ሕዝቡ ፊታቸውን ለማየት ይከፍላል። መኪናው የሚወስደው የታችኛውን ደረጃ፣ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያና የሰበታውን ድንኳን ነው። ያ ደረጃ ከተነቀለ ከሃያ ዓመት በኋላ የመኪናውን ስሕተት የሚያውቅ ጆሮ ከየት ይመጣል? ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ሁሉ የተማረው በድንኳን ነው።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። እንግዲህ የሰበታው ተማሪ በሩብ ሰዓት ያሠራው ዘፈን ባለቤቱ ማን ይሁን? ያ መኪና የተማረባቸው ዘፋኞችስ? በውጭው ዓለም ትልልቆቹ የሸክላ ድርጅቶች «ዘፈናችንን ሳታስፈቅዱ አስተማራችሁበት» ብለው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሱኖንና ዩዲዮን ከሰሱ፤ በ2025 መጨረሻም ዩኒቨርሳል ከዩዲዮ ጋር፣ ዋርነር ከሱኖ ጋር ታረቁ። ዕርቁ የተፈጸመው ጠበቃና ሰነድ ባላቸው መካከል ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የኛም ባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲያቋቁሙ በር ከፍቷል። ነገር ግን ኪቦርድ ተጫዋቹ በሠርግ የተጫወተው አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ሥራ ደግሞ በዕርቅ ጠረጴዛ ላይ ስም የለውም። በቢሮ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ረቂቅ ደንብ ስታዘጋጁ ይህን ሰው ብታስቡት ደስ ይለናል።

ከቡራዩ ስንለያይ የኪቦርድ ተጫዋቹ ስልክ ጮኸ። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ያላቸው የሱሉልታ ቤተሰቦች ናቸው። በስልክ የሠራነው ዘፈን ስላለ ኪቦርዱን ከሥሩ ያስከትሉልናል ወይ፣ ዋጋስ ይቀንሱልናል ወይ ብለው ጠየቋቸው። እሳቸው ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ወደኛ ተመለከቱና፣ «መጀመሪያ ዘፈኑን ላኩልኝና ልስማው» አሏቸው። ከዚያም፣ «የሰዎቹን ስም አጠራር ግን እኔ አርማለሁ፤ ለሱ ዋጋ አልቀንስም።»