ከአረንጓዴ ሐይቅና ከኪሎሌ የሚገኝ ትምህርት

ከቦሌ ተነስቶ በአቃቂና በዱከም በኩል የሚጓዝ መንገደኛ ቢሾፍቱ አካባቢ ሲደርስ የጥንት እሳተ ገሞራ በቆፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆችን ያገኛል። ከእነዚህም አንዱ በውሃው ቀለም የተሰየመው አረንጓዴ ሐይቅ ነው።

ቀለሙን የሰጡት ስፒሩሊና የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። እንደ ሰብል ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ከደረቅ ክብደታቸው ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያዎችም የሞተውን አብላልተው ለአዲሱ ምግብ ያደርጉታል። በቻድ አገር ሴቶች ስፒሩሊናን ከውሃ አጥልለውና በአሸዋ ላይ አድርቀው ለወጥ ይሠሩበታል።

በ1965 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አረንጓዴና ጎረቤቱ ኪሎሌ በብርሃን ምግብ በማዘጋጀት በዓለም ከተለኩት ሐይቆች ከፍተኛዎቹ መካከል መሆናቸውን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ በ1981 ዓ.ም. ገደማ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ኪሎሌ ተጠለፈ። የሐይቁ ሶዳ ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ጠፍቶ ሌሎች ሕዋሳት ቦታውን ያዙ። መርዝ የጨመረ አልነበረም፤ የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ስፒሩሊናን በኩሬ ለማልማት የሚያስብ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን ሶዳ መጠበቅ አለበት። አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ስፒሩሊና አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል፤ በቆቃ የሚበቅለው ማይክሮሲስቲስ ሰውንም ከብትንም የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል።

የማኅበር መሪዎች ሆይ! ቦይ ወደ ሐይቅ ከመቀደዱ በፊት ውሃው በባለሙያ ይመርመር። ከተቀደደ በኋላ የጠፋውን መመለስ እጅግ ከባድ ነው።