ገዝቶ መሸጥ፦ መቼ ድካም ነው፣ መቼ ንጥቂያ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና፣ ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ የሚያከራክረንን አንድ ጉዳይ በዚህ ዓምድ ከሥሩ ለማየት ተነሥተናል። ጉዳዩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ከሱቅ በርካሽ የገዛውን ዕቃ ፎቶ ያነሣና በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ አውጥቶ ዋጋ ጨምሮ ይሸጠዋል። ይህ ንግድ ነው ወይስ ብልጣብልጥነት? ከመካከላችን ገሚሱ «ሠርቶ በላ፣ ምን አጠፋ?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ሳይለፋ የሰው ኪስ ያራቁታል» ባይ ነው። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ውስጥ ቆመን ተማሪ ይህንኑ ቢጠይቀን «እንደ ሰዉ ነው» ብለን ማለፍ ስለማንችል፣ ልዩነቱን ከአሁኑ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

ትርፉ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ፣ ገዝቶ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም። ንግድ ሁሉ እንዲሁ ነው። አንድ ደብተር መርካቶ በጅምላ 50 ብር ነው እንበል። ያው ደብተር ራቅ ባለች የገጠር ከተማ 65 ብር ቢሸጥ፣ 15ቱ ብር ከሰማይ የወረደ አይደለም። የመኪና ኪራይ አለበት፣ የጫኝና የአውራጅ ዋጋ አለበት፣ በዝናብ የሚበላሸውና ሳይሸጥ የሚከርመው አለበት። የተረፈው የነጋዴው የድካም ዋጋ ነው። የገጠሩ ተማሪ ለአንድ ደብተር ብሎ መርካቶ ድረስ ከሚሄድ 15 ብር መጨመሩ ያዋጣዋል። ሁለቱም ተጠቅመዋል።

በኢንተርኔት የሚሸጥም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ዕቃውን ፈልጎ ያገኛል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ለጠያቂ ሁሉ መልስ ይሰጣል፣ ለሞተረኛ ከፍሎ ያደርሳል። እንግዲህ ዋጋ መጨመሩ ብቻውን ጥፋተኛ አያሰኘውም። ጥያቄው የጨመረው ዋጋ የምን ዋጋ ነው የሚለው ነው። ይህንን በሁለት የታወቁ ጉዳዮች እንመልከት።

አንደኛ፦ የመማሪያ መጽሐፉ ጉዳይ

ሱፓፕ ኪርትሴንግ የተባለ የታይላንድ ተወላጅ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ይማር ነበር። አሳታሚዎች አንዱን የመማሪያ መጽሐፍ በእስያ በርካሽ፣ በአሜሪካ ግን በውድ እንደሚሸጡት አስተዋለ። ስለዚህ አገሩ ያሉ ዘመዶቹና ወዳጆቹ በርካሹ ዋጋ እየገዙ እንዲልኩለት አደረገና በኢቤይ ላይ ሸጦ አተረፈ። ጆን ዋይሊ የተባለው አሳታሚ ከሰሰው። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረትቶ 600,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰና በ2005 ዓ.ም. (በ2013 እ.ኤ.አ.) በ6 ለ 3 ድምፅ ተፈረደለት። ፍሬ ነገሩ፣ በሕጋዊ መንገድ የታተመን መጽሐፍ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው፣ የተገዛው በሌላ አገር ቢሆንም እንኳ መልሶ መሸጥ ይችላል የሚል ነው።

እዚህ ላይ ማን ተጎዳ? የአሜሪካው ተማሪ መጽሐፉን በቅናሽ አገኘ። የታይላንዱ ተማሪ የሚገዛው መጽሐፍም አላለቀም፤ አሳታሚው ማተም ይችላልና። ትርፉ የቀነሰበት አሳታሚው ነው። አሳታሚው ግን የሚናቅ ክርክር አልነበረውም፦ ርካሹ መጽሐፍ ተመልሶ ወደ ሀብታሙ ገበያ የሚጎርፍ ከሆነ ለድሃ አገር በርካሽ ማቅረብ ያስቸግራል የሚል ነው። ይህችን ነጥብ እንያዛት፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ሁለተኛ፦ የእጅ ማጽጃው ጉዳይ

በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. (በ2012 ዓ.ም.) ኮሮና በአሜሪካ መዛመት ሲጀምር፣ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት ከሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ የጭነት መኪና ተከራይቶ በቴኔሲና በኬንታኪ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየመንገዱ ካሉ ትንንሽና ርካሽ ሱቆች የእጅ ማጽጃ ፈሳሹን እየለቀመ ጫነ። ወንድማማቾቹ ጥቂቱን በአማዞን ላይ አንዱን ጠርሙስ ከ8 እስከ 70 ዶላር ሸጡት። ብዙም ሳይቆይ አማዞን ሽያጩን ሲያግድባቸው 17,700 ጠርሙስ ያህል በእጃቸው ቀረ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግም ምርመራ ጀመረ። በመጨረሻ ዕቃውን በነፃ ሰጡና ጉዳዩ ያለ ቅጣት በስምምነት ተዘጋ።

የወንድማማቾቹ መከራከሪያ፣ ዕቃውን ከሞላበት ወደሌለበት ነው ያደረስነው የሚል ነበር። ሲሰሙት ከደብተሩ ነጋዴ ጋር አንድ ይመስላል። እንዴ፣ እነሱስ ደክመው የለ? ነዳጅ ከፍለው የለ? ደክመዋል። ነገር ግን መኪናቸው ካለፈ በኋላ የእነዚያ ትንንሽ ከተሞች ሱቆች ምን ቀራቸው? መድረሻ የሌላት አሮጊት በሰፈሯ ሱቅ ባዶ መደርደሪያ ጠበቃት። የደብተሩ ነጋዴ እጥረት ባለበት ቦታ ዕቃ ጨመረ፤ እነዚህ ግን ዕቃ ባለበት ቦታ እጥረት ፈጠሩ። ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። አድካሚ መሆኑ ብቻ አንድን ሥራ አገልግሎት አያሰኘውም።

በእኛስ አገር?

በዚያው በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ አገራችን ሲገባ የአፍ መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ዋጋቸው እንዴት እንዳሻቀበ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ይልቅ ዘወትር የሚያጋጥመን ግን የዘይትና የስኳር ነገር ነው። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በተወሰነ ዋጋ ለነዋሪው ሲታደሉ፣ ዋጋቸው የቀነሰው ገቢው ያነሰ ቤተሰብ እንዲደርሰው ታስቦ ነው። ይህን ዘይት በዘመድ አዝማድ ስም አሰባስቦ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ያገኘው ልዩነት የድካሙ ዋጋ አይደለም። ልዩነቱ ለድሃው ተብሎ የተተወ ገንዘብ ነው። ያቺ የያዝናት ነጥብ እዚህ ላይ ትመጣለች፦ ለተቸገረ የቀነሰ ዋጋ በአትራፊ እጅ ከገባ ነገ የሚቀንስለት አይኖርም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ከላይ ካየነው ተነሥተን ለራሳችንም ለሌላውም የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1ኛ. እኔ ከገዛሁ በኋላ ለሚመጣው ሰው ሱቁ ውስጥ ይቀራል ወይ? ከቀረ ይሁን። ጠራርጌው የምሄድ ከሆነ ግን የምሸጠው ዕቃውን ሳይሆን እኔው የፈጠርኩትን እጥረት ነው።

2ኛ. ዕቃው የረከሰው ለምንድን ነው? ብዙ ስለተመረተ ወይም ወቅቱ ስላለፈ ከሆነ ማንም ይግዛው። ለተቸገረ ተብሎ ከሆነ ግን እኔን አይመለከተኝም።

3ኛ. ለገዢው እውነቱን ነግሬዋለሁ ወይ? ያገለገለውን አዲስ ማለት፣ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ ሌላ ዕቃ መስጠት፣ ይህ ሁሉ ማታለል ነው። ደግሞም በየቴሌግራሙ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት አለ። ዋጋውን የሚደብቁት ገዢውን ዐይተው ለመቁረጥ ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያመለክት ደንግጓል። በስልክ መስኮት መሸጥ ከዚህ ነፃ ያወጣል ብለን አናምንም።

«እኔ ብተወው ሌላው ይገዛዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ አባባል የማይፈቀድ ነገር የለም፤ ፈተና የሚኮርጀውም ይህንኑ ነው የሚለው።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል። ከመካከላችን ከቤቱ አንድ ሳንቲም የማይላክለት፣ እንዲያውም ለታናናሾቹ የሚልክ አለ። እሱን «አትነግድ» ማለት በጥጋብ መናገር ይሆናል። እኛም እንዲህ አላልንም። ጓደኛችን ቅዳሜ መርካቶ ወርዶ ካልሲና እስክሪብቶ አምጥቶ፣ ዋጋውን ጽፎ ቢሸጥልን የታክሲ ወጪና ጊዜ አተረፈልን፤ ብሩ ይባረክለት። የግቢያችን መደብር ለሠልጣኝ ብሎ በቅናሽ ያመጣውን ሳሙናና ወረቀት በጠዋት ጨርሶ ገዝቶ፣ ማታ በቴሌግራም መልሶ ለእኛው የሚሸጥልን ግን ያው ድካሙ ቢኖርም የሚወስደው ከእሱ የባሰ ችግረኛ ከሆነው ጎረቤቱ አልጋ ነው።

ስለዚህ የምንነግድ ሁሉ ከግቢ ውጭ እንግዛ፣ ዋጋችንን በግልጽ እንጻፍ፣ ለሁሉም የመጣውን ለሁሉም እንተው። ለተማሪዎቻችን የምናስተምረውን ግብረ ገብ መጀመሪያ በመኝታ ክፍላችን እንለማመደው።