«ደመወዝ በስምምነት»፦ ዋጋ ሳይጠየቅ የሚገባበት ገበያ

ቀድሞ በጋዜጣና በአራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ይበልጡን በቴሌግራም ከሚወጡት የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ግርጌ የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች፤ «ደመወዝ፦ በስምምነት»። በነጋዴ ቋንቋ ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ ዋጋው ገና አልተቆረጠም፣ ድርድሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ይሁንና መርካቶ ገብቶ አንድ ኩንታል ስኳር ለመግዛት ሦስትና አራት ሱቅ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው፣ ዕውቀቱንና ጉልበቱን ለዓመታት ወደሚሸጥበት ድርድር ሲሄድ አንድም ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ይገባል።

በዚህ የሚከስረው ሥራ ፈላጊው ብቻ አይደለም። ቀጣሪውም የቀረበለትን ሰው በወጉ ሳይመዝን ከቀጠረ፣ የሚከፍለው ዋጋ ከደመወዙ በላይ ይሆናል፤ የሥልጠና ወጪ፣ የተበላሸ ሒሳብ፣ የሸሸ ደንበኛ ይከተላል። ስለዚህ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት የገበያ ጉዳይ ነው።

የማይታይ ዕቃ

የቡና ነጋዴ ናሙናው ሳይቀመስ ዋጋ አይቆርጥም። ፍሬው ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ተቆልቶ፣ ተፈልቶ ሲቀመስ ነው። የሰው ችሎታም እንደዚሁ ከውጭ አይታይም። አንድ መቶ አመልካች አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዞ ሲቀርብ ቀጣሪው ጎበዙን ከሰነፉ የሚለይበት ምልክት ያጣል።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ችግር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ እንዳሳየው፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ የጥሩው ዕቃ ባለቤትም ይጎዳል። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ነገሩን ወደ ሥራ ገበያ አምጥቶ፣ ሥራ ፈላጊው የተደበቀ ችሎታውን የሚገልጥ አሳማኝ ምልክት ማቅረብ እንዳለበት አስረዳ። ሁለቱም ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የአዲስ አበባው ፈተና

ጉዳዩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ከፋፍለው ሁለት ዓይነት ድጋፍ አነጻጽረው ነበር። አንደኛው ወገን ወደ መሃል ከተማ እየተመላለሰ ሥራ እንዲፈልግ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሁለተኛው ወገን ችሎታው ተፈትኖ የውጤት ምስክር ወረቀት ያዘ፤ የማመልከቻና የሲቪ አጻጻፍ እንዲሁም የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት ለነጋዴም ለሥራ ፈላጊም ትምህርት የሚሰጥ ነው። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ድጋፎች መደበኛ ሥራ የማግኘትን ዕድል ከፍ አደረጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ገንዘብ ውጤት ጠፍቶ ሲገኝ፣ ችሎታውን ማሳየት የተማረው ወገን ገቢ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሥራው ላይ የመቆየትና የመርካት ሁኔታውም የተሻለ ነበር። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ በወትሮው ገበያ ወደ ኋላ የሚቀሩት ናቸው። ችሎታው ቀድሞም ነበራቸው፤ የጎደለው ገዢው እንዲያየው ማድረግ ነበር።

ገዢውን ማወቅ

ወደ ባንክ የሚያመለክት ተወዳዳሪ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ሳያነብ መግባት የለበትም። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ወር ይዘጋል፤ ሪፖርቱም ለባለአክሲዮኖች ቀርቦ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ተቀማጩ ካለፈው ዓመት ስንት አደገ? ብድሩስ? የተበላሸ ብድር ድርሻው ምን ያህል ነው? እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የያዘ ሰው «ለምን የእኛን ባንክ መረጡ?» ሲባል «ስመ ጥር ስለሆነ» ከሚለው በእጅጉ ይለያል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፀደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከከፈተ ወዲህ፣ ጠያቂዎች ስለ ውድድር ቢያነሱ ሊያስገርም አይገባም።

ሪፖርት የማያወጣ የግል ኩባንያ ከሆነስ? ያኔ መረጃው ያለው በገበያው ውስጥ ነው። ለዘይት አከፋፋይ ድርጅት በሽያጭ ሠራተኛነት የሚወዳደር ሰው መርካቶን ግማሽ ቀን ቢዞር፣ የድርጅቱ ዘይት በጅምላ ስንት እንደሚሸጥ፣ ከጎኑ የማን ምርት እንደተደረደረ፣ ቸርቻሪው የሚያማርረው በምን እንደሆነ አውቆ ይገባል።

ናሙና ይዞ መቅረብ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል በሽማግሌ ፊት ያስከብራል፤ በቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ላይ ግን ችሎታን ይቀብራል። ብዙ ተወዳዳሪ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብሎ ይሸማቀቅና «ታታሪ ነኝ፣ በኅብረት መሥራት እችላለሁ» በሚል ማንም በሚለው ቃል ያልፋል። መውጫው ምስጋናውን ትቶ ሥራውን መናገር ነው። ለምሳሌ «የመጋዘን ቆጠራው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ቢን ካርዱን በየዕለቱ ማመሳከር ከጀመርን ወዲህ በአንድ ቀን ያልቃል» ያለ ሰው ራሱን አላወደሰም፤ ናሙና አሳየ እንጂ። ችግሩ ምን ነበር፣ እሱ ምን አደረገ፣ ውጤቱ በቁጥር ስንት ሆነ? እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ታሪኮችን አስቀድሞ ጽፎ፣ ጮክ ብሎ መለማመድ ይገባል።

«ዜሮ ዓመት» የሚባለው አዲስ ምሩቅም ባዶ እጁን አይደለም። የተግባር ልምምድ የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የቤተሰቡን ሱቅ ሒሳብ የያዘበት ጊዜ ሁሉ ናሙና ነው።

ወረቀቱም ከንግግሩ ጋር መግጠም አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ያለክፍያ የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ማስረጃውም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። ስለሆነም የቀድሞ ደመወዙን ከፍ አድርጎ የተናገረ ተወዳዳሪ በራሱ ወረቀት ይጋለጣል። በገንዘብና በንብረት ላይ ለሚመደብ ሠራተኛ ዋስ የሚጠይቁ ድርጅቶችም ስላሉ፣ ዋሱን አስቀድሞ ማነጋገር ከኋላ ሩጫ ያድናል።

ዋጋ መቁረጥ

«የሚጠብቁት ደመወዝ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «እንደ ድርጅቱ ስኬል» ብሎ መመለስ ዋጋውን ለገዢው ብቻ መተው ነው። ስሌቱ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይታሰባል። ያልተጣራ 20,000 ብር የተባለለት ሠራተኛ 4,950 ብር ለግብር፣ 7 በመቶ ወይም 1,400 ብር ለጡረታ ተቆርጦበት በእጁ የሚገባው 13,650 ብር ነው። በእጁ 20,000 ብር እንዲደርሰው የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት 31,000 ብር ገደማ ነው። «የተጣራ» ወይስ «ያልተጣራ» የምትለውን አንዲት ቃል ሳይናገር የወጣ ሰው በየወሩ ከ6,000 ብር በላይ ትቶ ወጣ ማለት ነው።

ተወዳዳሪው የገዢውንም ሒሳብ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አሠሪው ከደመወዙ ሌላ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚከፍል፣ የ31,000 ብር ሠራተኛ ለድርጅቱ 34,410 ብር ያወጣል። ደመወዙ አልጨምር ካለ ደግሞ የትራንስፖርት አበል፣ ሕክምና፣ በባንኮችም ለሠራተኛ የሚሰጠው ብድር የዋጋው አካል ሆነው ሊነሱ ይችላሉ።

ከእጅ መጨባበጥ በፊት ሁለት ነገሮች መጣራት አለባቸው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለበት፣ «መቼ ይጀምራሉ?» ሲባል «ነገ» ማለት ነገ ይህንኑ ድርጅት እንዴት እንደሚለቅ አስቀድሞ መንገር ይሆናል።

ለገዢው ወገን

ጠረጴዛውን ተሻግሮ የተቀመጠውም ሳይዘጋጅ ቢገባ ያው ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በፖል ሳኬትና በባልደረቦቹ የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ የሠራተኛን የወደፊት ውጤት ከሚተነብዩ የመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ጥያቄው አስቀድሞ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ከፊት እንደሚሰለፍ አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቀርባል፣ ነጥብ አሰጣጡ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይጻፋል፣ ሁለትና ሦስት ጠያቂዎች ሳይመካከሩ ነጥብ ይሰጣሉ። ለሒሳብ ሠራተኛ የተዘበራረቀ የገንዘብ መዝገብ ሰጥቶ እንዲያስታርቅ ማድረግ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ጨዋታ የበለጠ ይናገራል።

«አገርህ ወዴት ነው? የማን ዘመድ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ችሎታ የሚነግረው ነገር የለም። በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግም በአዋጁ የተከለከለ ነው።

በዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከልም ያልተመረጠ ተወዳዳሪ ይኖራል። ዕቃው ሳይሸጥ የተመለሰበት ነጋዴ ግን ሱቁን አይዘጋም፤ ዋጋው ነው፣ ናሙናው ነው፣ ወይስ ገበያው ብሎ ይመረምራል። የተጠየቀውን ጥያቄና የተደናቀፈበትን መልስ በዚያው ምሽት በወረቀት ያሰፈረ ሥራ ፈላጊ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ከሌሎቹ ቀድሞ ተዘጋጅቷል።