ከሊማሊሞ ጫፍ እስከ ወረራ

ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ወደ አዲ አርቃይ የሚጠማዘዘውን መንገድ ቁልቁል ያየዋል። መንገዱ ላይ የለም፤ የሚወጣውና የሚወርደው ግን ከዓይኑ አያመልጥም። በቼዝ ከጎን የሚከፈት ጨዋታም እንዲህ ነው፦ መሀሉን ረግጦ ከመያዝ ይልቅ ከዳር ሆኖ መቆጣጠር።

እ.ኤ.አ. በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ቼዝ ተጫዋቹ ሪቻርድ ሬቲ የዓለም ሻምፒዮኑን ካፓብላንካን የገጠመው በዚህ አከፋፈት ነበር። ነጭ ይዞ በመጀመሪያ ፈረሱን አወጣ። በሦስተኛው ተራ ከግራ ዳር ሁለተኛውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። በአራተኛው፣ ወታደሩ በለቀቀው ቤት ቢሾፑን አስገብቶ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አየበት። ለስምንት ዓመት ያልተሸነፈው ካፓብላንካ በ31ኛው ተራ እጁን ሰጠ።

የቼዝ ዓለም ጉድ አለ። የኛን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙም አይደነቅም።

ሰንጠረዥ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር (ሩክ) እና መደቅ (ወታደር) አሉት። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ጨዋታው በወረራ ይጀመራል። ተራ መጠበቅ ቀርቶ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፣ ያሻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዙ የሚቸኩለው አይደለም፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን የሚለዋውጠው ነው። ሬቲ በየተራው ቆጥቦ የሠራውን፣ የኛ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይሠራዋል ማለት ነው።

የሰንጠረዥን ወግ ጽፈው ካቆዩልን አንዱ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ሰሜንን ያውቅ ነበር፤ ደጃዝማች ውቤ ለራሱ ንግሥ ባሠራት በደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ካሳ፣ ማለትም ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ወዳጁ ነበሩ። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ ተገደለ፤ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1868 ያሳተመው ወንድሙ ነው። ከእሱ በፊትም ተጓዡ ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል።

ለኔ ግን ከወረራው ይልቅ የሚጥመኝ የማሸነፊያው ወግ ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥ መማረክ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም፤ ክብሩ በደካሞቹ፣ በፊልና በፈርዝ፣ ሲማርኩት ነው። ከመደቅ ጋር ተባብረው ከሆነማ የድሉ ክብር ከፍ ይላል።